ብርድ ነው ያልነው

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬ ጤና ጣቢያ ነርሷ ስለ ልብ ሕመም አስተማረችን። "እኛ ሴቶች ላይ ሁልጊዜ ደረት እየወጋ አይመጣም። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም ሆኖም ይመጣል። ጨው ቀንሱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ" አለች። ሌሎቹ ሲጠይቋት እኔ የማስበው ታላቅ እህቴን የሺን ነበር። አምና ከማረፏ በፊት፣ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ መንጋጋዋን ይዛ ትቀመጥ ነበር። "ብርድ መትቶኝ ነው፣ ይለቀኛል" ትለኛለች። ሁላችንም ብርድ ነው ብለን አምነን ነበር።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰሞኑን ውኃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ ያጥራታል።

"እማዬ፣ ነገ ሄደን ትታዪያለሽ" አልኳት።

"እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና? እርጅና ነው እንጂ።"

"የሺም ብርድ ነው ስትል ነበር።"

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች። ኋላ ቀና ብላ፣ "እሺ፣ በጠዋት ነይና ውሰጂኝ" አለች።

ደስ ብሎኝ ስወጣ እግሬ በልማድ ወደ የሺ ቤት አመራ። እማዬ እሺ ማለቷን ሮጬ የምነግራት እሷ ነበረች። በሯ ሲታየኝ ነው ቆም ያልኩት። ከዚያ ወደ ቤቴ መመለስ እንዴት ከበደኝ።