ለገለባው ጥጃ ስለተሰጠው የጤና ምስክርነት

ይድረስ ለተከበሩ የእንስሳት ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ከአራት ወር በፊት ወደ በረታችን የላኩልን ተቆጣጣሪ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ፣ እኔ በወተት እርባታው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላም ያለብኩ ሴት፣ ደስታዬን ብቻዬን መያዝ ቢያቅተኝ ይህን በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ። ወሬ ታበዛለች ይሉኛል፤ እርስዎ ግን ታጋሽ ሰው መሆንዎን አራት አቤቱታ ልኬ ካገኘሁት ዝምታ ተረድቻለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ምስክር ወረቀቱ አመሰግናለሁ፤ በመስታወት ተደርጎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ በተለጠፈው ሪፖርት ላይ፣ ከዳለቻዋ ላም አጠገብ የቆመው ጥጃ ጤናማ፣ ጸጥተኛና ከእናቱ ያልተለየ ነው የሚለውን ሳነብ ከሳቄ ብዛት ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ። ክቡርነትዎ፣ ጸጥተኛ የሆነው ገለባ ስለሆነ ነው። እውነተኛው ጥጃ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ታረደ፤ እናቱ ወተቷን ብትይዝብን ቆዳውን ገለባ ጠቅጥቀን፣ በአራት እንጨት አቁመን፣ በታለበች ቁጥር አፍንጫዋ ሥር እናስጠጋላታለን። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ተቆጣጣሪዎም ጀርባውን መታ መታ አድርገው ጎበዝ ብለውታል። ላሟም እሳቸውም በአንድ ጥጃ ተታለሉ፤ የእሷ እንኳ በእናትነት ነው።

፪. ቆዳውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩትም በዚሁ ወተት ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ሰው ከፈለጉ እኔ ዘንድ አይምጡ። ሰው በከብት አይጠቀም የምልም አይደለሁም። የጠየቅኩት፣ እናቴ ታደርግ እንደነበረው፣ ከአራቱ ጡት አንዱ ለጥጃው ይቅር ብዬ ነው። የበረቱ አለቃ ይህን ቢሰማ፣ አንቺ እህቴ፣ ነገ ደግሞ ላሟ ደመወዝ ትጠይቅ በይን አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ፤ ነገሩ ያስቃል።

፫. ዳለቻዋ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ይህ አምስተኛው አቤቱታዬም ያቺኑ አንድ ጡትና የሚወለደውን ጥጃ የሚመለከት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የዳለቻዋ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ወተቷን ሁሉም ያያል፣ ልጇን የምታጣው እሷ ናት። በአንዲት መስመር ማዘዣ ጥጃው እናቱ ሥር ይቆይ ቢሉልን ገለባውን እኔው በደስታ አራግፈዋለሁ።

ምንም እንደማይደረግ እያወቅኩ፣ ስለሚደረገው ሁሉ ምስጋናዬን ከወዲሁ አቅርቤ፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለተቆጣጣሪዎ መነጽርን እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

የገለባው ጥጃ ሰፊና ሞግዚት፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
አላቢዋ

ሳልጨምር ብቀር የሚቆጨኝ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳላጥፈው ዳለቻዋ ወለደች። ወንድ ነው፤ ሳይደርቅ በጭነት መኪና ሄደ። ዛሬ ጠዋት ያንኑ አሮጌ የገለባ ጥጃ አቀረብኩላት፤ ከመላሷ ብዛት ግንባሩ ተመልጧል። አሸተተችው፣ ጥቂት ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ወተቷን ለቀቀች። ተቆጣጣሪዎ ሲመለሱ ጥጃው ዘንድሮም አለማደጉን አይተው ይደነግጡ ይሆናል። አይስጉ ይበሉልኝ፤ በእርስዎ ወረቀት ላይ ጤናማ ነው።