ከአራት እስከ አምስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የኢንሹራንስ ክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ቢሮው ጭር ብሏል። የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ እያዩ ሪፖርት የሚጽፉት ሁሉ ከቤት ነው የሚሠሩት። አራት ሰዓት ላይ ከእነሱ አንዱ፣ መነጽሩ የሚባለው የድሮ ባልደረባዬ ጋ ሦስቴ ደወልኩ። አያነሳም። አምስት ሲል ራሱ ደወለ።
"ይቅርታ፣ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነው።"
ጠፍቶ?...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ዛሬም በዚያችው ሰዓት አያነሳም። ሪፖርቶቹ ግን እንከን አይወጣላቸውም። ይሄም አልተዋጠልኝም። ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ዛሬ ስደውል ስልኩን ሚስቱ አነሳች። "አሁን ወጣ... ማለቴ፣ እዚሁ ነው።" የቱ ነው?
ባሌ፣ "ሥራው ከደረሰሽ ምን ቸገረሽ?" ይላል። እሱ ምን አለበት! የምጠየቀው እኔ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
የኮምፒውተር ባለሙያው የመነጽሩን ስክሪን በየአምስት ደቂቃው ፎቶ የሚያነሳ ነገር ጫነልኝ። "ሰውየው ያውቃል?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ከአራት እስከ አምስት ስክሪኑ ላይ ያው አንድ የተጨረማመተ የመኪና በር። ምንም አልተነካም። ያዝኩህ!
ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ሰባት ሪፖርት ጽፏል... ለምን?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ሰፈሩ ድረስ ሄድኩ። "በዚህ ሳልፍ" ልል አስቤ። በሩ ጋ ሳልደርስ አየሁት። መንገድ ዳር አባቱን ደግፎ ያራምዳል። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ደግሞ አንድ።
"ምነው ሳትነግረኝ?"
"አንቺ ከመሾምሽ በፊት ይችን አንድ ሰዓት በጽሑፍ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ፋይሌ ውስጥ አለ እኮ። ያየሽው መስሎኝ።"
አባትየው፣ "ማናት ልጄ?" አሉ።
"የሥራ ጓደኛዬ ናት፣ አባዬ።"
አለቃዬ አላለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ፋይሉን ገለጥኩ። አለ። ፊርማ፣ ማህተም፣ ሁሉም። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ስክሪኑም ነገርኩት፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ። ከዚያ፣
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከማክሰኞ።"
"እሺ።" ዘጋው።
ስክሪኑ ላይ ያስጫንኩትን አስነቀልኩ። ምን ዋጋ አለው...

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
መነጽሩ ቢሮ መምጣት ከጀመረ ሳምንት ሆነው። አላስገደድኩትም፤ እንዲያውም ከቤትህ ሥራ ብዬ ለምኜዋለሁ። "እዚህ ይሻለኛል፣ እታያለሁ" አለ። ሁለት ተኩል ይገባል፣ አሥራ አንድ ተኩል ይወጣል። አባቱን ማን ያራምዳቸዋል? ለመጠየቅ አፍ አጣሁ።
ዛሬ አንድ ፎቶ ላሳየው ጠራሁት። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል፣ ከአንድ ሳህን በልተናል። መጥቶ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።
"አቤት፣ ምን ፈለጉ?"
ፈለጉ... ነው ያለኝ።