አዳራሽ ውስጥ የመታው ምች

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ልብስ አላደርቅ ብሎናል።

ላብራቶሪ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ ነበር። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣውን ቫይረስ ነው የማጠናው። ሴል ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የአደጋ ጥሪዋን ያፍነዋል፤ ውስጧ እየተበላ ለጎረቤቶቿ «ደህና ነኝ» እንዳለች ትቆያለች። ከዚያ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይተኛል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ይነሳል።

አዲስ ባልደረባ መጥታልናለች፤ ስትስቅ ሥራ ታስፈታለች። ባለቤቴ እንኳ እኔን ሊወስድ ሲመጣ እሷን ሳያስቅ አይወጣም። ሰሞኑን ከሐይቅ ዳር ዕረፍቷ ጠቁራ ተመለሰች፤ አምሮባታል፣ ምን ይደረግ! ከንፈሯን ግን ምች መትቷታል። «ፀሐዩ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴም በዚያው ሳምንት ከስልጠና ተመልሷል። ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶባቸው እንደከረሙ ነገረኝ፤ አሳዘነኝ። የእሱም ከንፈር ቆስሏል። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው፣ «ፀሐይ መትቶኝ ነዋ!» አለኝ። ቅባት ገዝቼ ራሴ ቀባሁት፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ።

በይ ልጆቹን ሳሚልኝ። እማዬ ስለ እኛ ከጠየቀችሽ፣ ደህና ናቸው በያት።

ታናሽሽ