ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ፊልም

ለናፍቆቴ ለወንድሜ ለሙሉብርሃን፦

እንዴት ከርመሃል ሙሌ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብዙ ስትቀመጥ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋህ ነው? ዓይንህስ? አዲስ አበባ ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰምተናል፤ እማዬ የላከችልህን ጋቢ ለእንግዳ አልጋ እንዳደረግከው እጠረጥራለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ዝናቡ ቀነስ ሲል ተሽሎታል፤ አሁን ገበያ ደርሳ የምትመለሰው ባጃጅ ሳትይዝ ነው። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ያን ቀን በስልክ የጠየቅከኝን ያልመለስኩልህ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ፊቴን ስታነብ ስለነበር ነው። ሰሚር የሚባለው ፕሮዲውሰር ደውሎልህ፣ ቦንጋ የግብር እፎይታ ስላለ የኤዲቲንግ ቤት እዚያ ልከፍት ነው፣ አንተ ምራልኝ እንዳለህ ነገርከኝ። ሥራህን ለቀህ፣ ቤትህን አስረክበህ ልትመጣ ነው ማለት ነው። ከዚያ ልምጣ ወይስ ልቅር፣ አንቺ እፎይታውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ አልከኝ። አላውቅም ሙሌ። የማላውቅበትን ምክንያት ልጻፍልህ፤ አንተ ምናልባት ውሉን ታገኘው እንደሆነ።

መሥሪያ ቤታችን ዘንድሮ ለፊልም ሠሪዎች እፎይታ ፈቅዷል። እዚህ መጥቶ የቀረጸ፣ ኤዲቲንጉንም ድምፁንም እዚሁ የጨረሰ ድርጅት ለሦስት ዓመት የትርፍ ግብር አይከፍልም ነው ነገሩ። ጥናቱን ካዘጋጁት አንዷ እኔ ነኝ፤ ሳዘጋጀውም ከልቤ አምኜበት ነበር። አሁን አለቃዬ ወይዘሮ ዙፋን ማበረታቻው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚል ሪፖርት በወሩ መጨረሻ ይፈልጋሉ። እንደዚህም ነው እንደዚያም ነው እንዳትይኝ፣ አንዱን ቁርጥ አድርገሽ አምጪ ብለውኛል። የመጣው ፊልም ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሰሚር። እሱም አንድ ሆኖ ሳለ ወሬው ብዙ ነው።

ሰሚር ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ እፎይታው ባይኖር ኖሮ ቦንጋን በካርታም አናውቃትም ነበር አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ቦታውን የመረጠው ድሮ ለሠርግ መጥቶ ጉሙን ያየ ጊዜ እንደሆነ፣ የግብሩን ነገር የሰማው ግን አልጋ ከያዘ በኋላ ከሆቴሉ ባለቤት እንደሆነ እየሳቀ አጫወተኝ። የሰሚር የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ሻይ ጋብዞኝ፣ እህቴ፣ የትርፍ ግብር የሚጠየቀው ያተረፈ ሰው ነው፣ እኛ ገና አትርፈን አናውቅም፣ ታዲያ ምኑን ነው የምትተዉልን አለኝ። ይህንን ጥናቱን ስንሠራ ማናችንም አላሰብነውም ነበር።

እንዲያው አልጠቀመም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ሆቴሉ ሞልቶ ነበር። ፈረስ ያከራየውም፣ ምግብ ያበሰሉትም፣ ባለ ሚኒባሶቹም ደስ ብሏቸው ከርመዋል። ግን እነሱን ያስደሰታቸው እፎይታው ነው ወይስ ጉሙ? ሌላ ቦታ አምስት ዓመት ሊሰጡ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ ቢሯችን እኛ ሰባት እናድርገው ማለት ጀምሯል። ነገ እነሱ አሥር ቢሉስ ብዬ ብጠይቅ፣ አንቺ ደግሞ ጨለምተኛ ነሽ ተባልኩ። ቀረጻስ ደኑ እዚህ ስለሆነ ወዶም ጠልቶም ይመጣል። ያንተ ሥራ ግን ወንበር፣ መብራትና ኢንተርኔት እስካለ የትም ይሠራል። የኛን መብራት ታውቀዋለህ፣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ይሄዳል። ግብሩን ትተንልሃል ብለን በጨለማ ልናስቀምጥህ ነው?

አሁን ሰሚር በስልክ ያልነገረህን ስማ። ኅዳር ላይ የቀረጹት ከዋጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በአጎታችን በጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደን ነው። ቢሮው የፈቃድ ደብዳቤ ሰጥቷል፣ ቀበሌውም ማኅተም አድርጎበታል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ብሆን። ዓመቱን ሙሉ አልላቀቅ የሚለን ጉም ያን ሳምንት ጥፍት አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሰዎቹ ምን አደረጉ መሰለህ? በጄኔሬተር የሚሠራ የጭስ ማሽን አስነሥተው ደኑን በነጭ ጭስ ሞሉት።

የቀረውን አንተ እዚያ ስላደግክ ትገምተዋለህ። ማር በማይቆረጥበት ወር ቀፎ ከተሰቀለበት የሰው ዛፍ ሥር ጭስ ከታየ፣ ንቦቹን በጭስ አባሮ ማር የሚወስድ ሌባ ገብቷል ማለት ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ገጀራቸውን ይዘው፣ ጎረቤቱም ከኋላ ተከትሏቸው ደረሱ። ተዋናይዋ እያለቀሰች አገኟት፤ ልቅሶው የፊልሙ ይሁን የእውነት እስካሁን የለየ ሰው የለም። ንቦቹ ግን ሁለት ቀፎ ጥለው ሄደዋል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም ቢሮውን ወክዬ ስቁለጨለጭ ዋልኩ። ሰሚር ካሳ ልክፈል ሲል ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይባስ ተቆጡ። እኛ ማር ስናወርድ መጀመሪያ የምንቀምሰው እዚያው ዛፉ ሥር ከባለቤቱ ጋር ነው፣ ከደኔ ያወረድከውን እዚሁ ሳታስቀምሰኝ አትሄድም አሉት። እሱም ፊልሙ ገና ጥሬ ነው፣ ይቆረጣል፣ ይገጣጠማል፣ ድምፅ ይገባለታል፣ ወራት ይፈጃል ብሎ አስረዳቸው። እንግዲያው እዚሁ ቁረጠው አሉት። እዚህ ማን ይቆርጠዋል ቢላቸው፣ ልጅ አለን ብለው ያንተን ስም ጠሩ። በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ አንተን ሳይጠይቁህ። ሰሚርም እሺ ብሎ ቃል ገባ። ስልክህን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ለአንተ የነገረህ ግን እፎይታውን ነው። ለቢሯችንም በጽሑፍ ያስገባው በማበረታቻው ተስበን ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው የሚል ነው፤ ወይዘሮ ዙፋን ወረቀቱን አይተው ፊታቸው በራ። እውነቱ የቱ ነው? እኔ እንጃ። ምናልባት በጭሱ ምክንያት የገባውን ቃል የግብር እፎይታው አቅልሎለት ይሆናል። ምናልባትም ጭሱ ባይኖር ዕቃውን ጭኖ በጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። አንዱን ይዤ ስጽፍ ሌላው እጄን ይይዘኛል።

ለቃሉ መያዣ እንዲሆን ሰሚር ፊልሙ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ ብሎ አንድ ሃርድ ዲስክ ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሰጣቸው። እሳቸው በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ከምድጃው በላይ፣ የዘር በቆሎ ከሚሰቀልበት ላይ ሰቀሉት። ነቀዝ እንዳይነካው ነው። ሳየው ክው አልኩ። ይሄ ነገር ሙቀት አይወድም፣ ይበላሻል አልኳቸው። በሐዘኔታ አይተውኝ፣ የአባታቸው ዘር እዚያ ተሰቅሎ ሳይበቅል የቀረበት ዓመት እንደሌለ ነገሩኝ። ባለቤቱ ሲመጣ አወርድለታለሁ አሉ። ባለቤቱ ያሉት አንተን ነው።

ያሳሰበኝ ግን ሙቀቱ አይደለም። ሰሚር ግልባጭ አለው፤ ምናልባት ሁለት ሦስት። በዚያች በነጠላ በተጠቀለለች ነገር ማንንም አስሮ ማቆየት እንደማይቻል አንተም እኔም እናውቃለን። እሳቸው ፊልሙን እጃቸው ውስጥ ያስገቡት ይመስላቸዋል። ሽማግሌዎቹም እንደዚያው። ሰሚር አንድ ቀን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ቢጨርሰውና በቴሌቪዥን ቢያዩት፣ እኚያ ሰው በአገራቸው ፊት ምን ሊሆኑ ነው? ሰሚር ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግን መብራቱ በተደጋጋሚ ሲጠፋበት ቃሉን ያስታውስ ይሆን?

እንግዲህ ምን ልምከርህ? ብትመጣ በማበረታቻው የተፈጠረ የሥራ ዕድል ተብለህ ትቆጠራለህ፤ የምጽፍህም እኔው ነኝ፤ እውነት ይሁን ውሸት ሳላውቅ። ከዚህ ፊልም በኋላ ሌላ ይምጣ አይምጣም አላውቅም። እኔ የቢሮዋ ፀደንያ ደመወዝህን አትልቀቅ እልሃለሁ። እህትህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በበዓል ቀን አንድ ሰው የጎደለበት ገበታ ሰልችቷታል፤ ይኸው ነገርኩህ። ቢያንስ ለገና ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ቤትህን ሳትለቅ። ሰሚርን ፊት ለፊት አግኝተህ ጄኔሬተር ይገዛ እንደሆነ፣ ከዚህ ፊልም በኋላስ ምን እንዳሰበ ጠይቀው። እኔ ሲያወራኝ ሁሉንም አምነዋለሁ፤ አንተ ትሻላለህ።

ሪፖርቴ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ላይ ደርሶ ቆሟል። ወይዘሮ ዙፋን ቢቆጡም ገና አይታወቅም ብዬ ልጽፍ ነው። ያወቅኩት እሱን ብቻ ነው።

እማዬ ትስምሃለች። ምንም ሳልነግራት የጓሮውን ክፍል በቆሎ አውጥታ ግድግዳውን አስለስናለች፤ ስለ ፊልሙ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ትንሿ እህታችን ዝማሬ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረሷን ልታሳይህ ፎቶ ልኬለታለሁ ትላለች፤ አላየውም መሰለኝ ብላ አኩርፋለች። ጎረቤታችን እትዬ በዛወርቅ ሰላም ብለውሃል፤ ተዋናይዋ ባል እንዳላት አጣራልኝ ብለዋል፤ ለማን እንዳሰቧት አልነገሩኝም።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ትናንት ለገበያ ወጥተው እኛ ጋ አድረው ነበር። ነጠላው በጭስ ጠቁሯል፣ ልጄ አይዘንብኝ፣ ውስጡ ደህና ነው በይልኝ ብለውሃል። ይበላሻል ካልኳቸው ወዲህ ምድጃው ውስጥ ትልቅ እንጨት አያስገቡም፤ ብርዱን ተቀብለው እሳቱን ቀነስ አድርገውልሃል። ግልባጭ የሚባል ነገር እንዳለ ከአንተም አፍ እንዳይሰሙ፣ አደራ ወንድሜ።

የምትወድህ እህትህ ፀደንያ
ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.