ከመሬት ያነሳሁት ድንጋይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሰባ ስድስት ሞላኝ። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። ጽሕፈቴ ያው የተሸካሚ ጽሕፈት ነው... ማን ሊያየው።

የልጄ ባል ስፖርት ቤት ከፍቷል። ድንጋይ፣ ግንድ፣ ገመድ ብቻ። ጫማ ተወልቆ ይገባል። "ጤና እንደ ጥንት ሰው መኖር ነው" ይላል። ድንጋይ ለማንሳት ከፍለው ይመጣሉ! እኔ ባገኝ ኖሮ ላለማንሳት ነበር የምከፍለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
የልጄ ባል ስፖርት ቤቱ ወሰደኝ። "አባባ አርባ ዓመት ድንጋይ ተሸክመዋል፤ ክኒን አያውቁም" አላቸው ሰልጣኞቹን። የወገቤ ክኒን ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴን በእጄ ሸፈንኩት።

አንድ ቀጭን የሒሳብ ሠራተኛ ጠጋ አለኝ። ሐኪም ከባድ እንዳያነሳ ከልክሎታል።
"አባት፣ ወገብዎን አሞዎት አያውቅም?"
"ወገብ ደግሞ ምንድነው?" አልኩት።
ሳቁ። ደስ አለኝ... ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ ከመሬት አነሳሁ። አጨበጨቡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ከአልጋ አልተነሳሁም። ለልጄ ጉንፋን ነው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ልጄ መጣች። "አባዬ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ሆስፒታል ገባ። 'አባት በዚህ ዕድሜያቸው ካነሱ እኔ ምን ሆኛለሁ' ብሎ ትልቁን ሊያነሳ... እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው።"



እኛ ተሸካሚዎች እኮ ከመሬት አናነሳም ነበር። ሁለት አሸካሚዎች አንስተው ጀርባህ ላይ ያደርጉልሃል፣ ያንተ ሥራ መሄድ ነው። አንዱ ጓደኛችን ብቻውን ሞክሮ ዳግም ቀና ብሎ አልሄደም። ይህን እያወቅሁ... ለጭብጨባ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
የሒሳብ ሠራተኛውን ልጠይቀው ሆስፒታል ሄድኩ። እስኪቆም ወራት ይፈጅበታል ተብሏል።
"ደከሙ አባት" አለኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አነሳሴን አላወቅሁበትም።"
ንገረው እንጂ አልኩ ለራሴ። አፌን ምን ያዘው? ስለ ዝናቡ አውርቼ ወጣሁ። ሽማግሌ ነኝ ደግሞ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ጠዋት ነገርኩት። ስለ ክኒኑ፣ ስለ አሸካሚዎቹ፣ ስለ ጉንፋኑ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከሰዓት ስፖርት ቤት ሄጄ በሁሉም ፊት ደገምኩት። የልጄ ባል "አባባ፣ እንጀራዬን ዘጉት እኮ" አለ። አንዷ ሰልጣኝ ግን ጫማዋን እያጠለቀች፣ "ታዲያ አርባ ዓመት እንዴት ቻሉት?" አለችኝ።
"ማታ ማታ ሚስቴ በሙቅ ጨርቅ ወገቤን እየተኮሰች። ጠዋት ደግፋ እያነሳችኝ።"
ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ያለብኝ ዕዳ። የሒሳብ ሠራተኛው እስኪቆም በየቀኑ እሄዳለሁ፣ ቢያባርረኝም። የልጄ ባል ቢቆጣኝ አልመልስለትም። ለልጄ ሲያመኝ አመመኝ እላታለሁ። ይህን ሁሉ ራሴ እወጣዋለሁ።

የሚስቴን ዕዳ ግን... በሕይወት ሳለች "በራሴ ጉልበት ነው የኖርኩት" እያልኩ በሰው ፊት ስፎክር፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። አንድም ቀን አላጋለጠችኝም።