የላይኛው ክንፍና አራቱ የመዝሙር መጻሕፍት

ማክሰኞ

እኔ፣ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ጋሽ ማቴዎስ ሲጸልዩ ዓይኔን ገልጬ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ሰዓት ይዤባቸዋለሁ።

አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ሰፈራችን ስቶቭነር ድረስ እየመጣ ይጠይቀዋል። ሁሉም ሙዝ ይዞ ነው የሚመጣው። የታመመው አባዬ ነው ወይስ ዝንጀሮ ነው የምናሳድገው?

ስትሮክ ከመታው ሰባት ሳምንት ሆነው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ እሺ። ውሃ ልስጥህ? እሺ። አመመህ? እሺ። ዛሬ ጋሽ ማቴዎስ፣ «ወንድሜ፣ ለጌታ ፈቃድ እሺ በል» አሉት። እሺ አለ። «አያችሁ! አያችሁ!» ብለው ጸሎቱን እንደገና ጀመሩት።

እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ልቅር ብዬ ጠየቅሁት። እሺ አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። አልከፋኝምም።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እኔ የማየው ጥግ ላይ ያለውን የአባዬን ጠረጴዛ ነበር። ገጣጥሞ የሚሠራት ባለ ድርብ ክንፍ ትንሽ አውሮፕላን እዚያው ናት፤ ቀይ፣ ከክርኔ እስከ መዳፌ የምትሆን። አውቶቡስ ነድቶ ሲመለስ ሁልጊዜ እሷ ላይ ያቀረቅር ነበር። የታችኛው ክንፍ ተለጥፏል። የላይኛው ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው። አባዬ የወደቀው እሱን ሊገጥም ሲል ነው።

ረቡዕ

ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ የላካት ሎጎፔድ መጣች፤ ንግግር የምታስተምረው። የስኒ ሥዕል አሳየችው። እሺ። የውሻ ሥዕል። እሺ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠቆመችና «ይቺስ ማን ናት?» አለችው።

አየኝ።

«እሺ።»

እንግዲህ ስሜ ሶስና መሆኑ ቀርቶ እሺ ነው። አጭር ነው፣ ለኖርዌጂያኖቹም አያስቸግርም።

እማዬ ተነስታ ወደ ኩሽና ሄደች። እኔ ሙዝ በላሁ።

ሎጎፔዷ ስትወጣ፣ ቃላቱ ውስጡ አሉ፣ አጥብቆ የሚወደው ነገር አንዳንዴ ይጎትታቸዋል አለች። «ምን ይወዳል?»

«ቤተ ክርስቲያን» አለች እማዬ። ውሸቷን አይደለም። ግን ስብከት ላይ የመባ ፖስታው ጀርባ ላይ ክንፍ ሲሥል አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። የላይኛውን ክንፍ ገጥሜ ፊቱ አስቀምጣለሁ። አንድ ቃል ካወጣ አወጣ። «አባዬ፣ ልግጠመው?» አልኩት። እሺ አለ። አይቆጠርም። ድሮ ቢሆን ጣቴ ሳይደርስ፣ «እጅሽን ሰብስቢ!» ነበር የሚለኝ።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ አባዬ ሲተኛ ሞከርኩ። የታችኛውን ማንም ይለጥፈዋል። የላይኛው ግን ጉድ ነው፤ እንደ ክብሪት የቀጠኑ ምሰሶዎች ላይ ነው የሚቆመው፣ አንዱ ዘንበል ካለ ሁሉም ዘንበል ነው። አባዬ ሲሠራ ለራሱ የሚያጉተመትመውን፣ እኔም ስልኬን የማይ መስዬ የሰማሁትን ለራሴ ትእዛዝ አድርጌ ጻፍኩ፦

ከፊት ሆነሽ በአንድ ዓይን እዪ። ሁለቱ ክንፎች እኩል መተኛት አለባቸው።

ከክንፉ ጫፍ እስከ ጭራው በክር ለኪ። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ክንፉ ዞሯል።

ቶሎ የሚይዘውን ሙጫ እንዳትነኪ። ዘግይቶ የሚደርቀው ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

እስኪደርቅ ከታች ደግፊው።

በምን? እዚህ ላይ ነው ሊቅነቴ። መደርደሪያው ላይ አራት የመዝሙር መጻሕፍት አሉ፣ አንድ ዓይነት፣ ውፍረታቸው እኩል። ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ። ልክክ አለ! መዝሙር እንዲህ ሲረዳኝ የመጀመሪያው ነው።

ቶሎ የሚይዘውን ሙጫ ግን ነካሁት፣ ለማየት ያህል። አውራ ጣቴ ላይ ደርቆ ቀረ። በሱ የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ሙቀቱ አይሰማኝም። አልላጥኩትም።

ዓርብ

ለእማዬ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እሷ ሥራ ስትወጣ፣ አባዬ ሳይነሳ፣ ለጠፍኩት። በክር ለካሁ። እኩል! እስከ ነገ ማንም ካልነካው አለቀ።

ማታ እንግዶቹ መጡ። ጋሽ ማቴዎስ መደርደሪያውን በረበሩ። «መጽሐፎቹ የት ሄዱ?» አሉና አዩ። «ኧረ ጉድ! የጌታን መዝሙር ከአሻንጉሊት ሥር!» አፌን ሳልከፍት ከግራ በኩል አንዱን መዠረጡት።

ክንፉ በግራ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እንቺ ልጄ፣ አንቺም ዘምሪ» ብለው መጽሐፉን ሰጡኝ።

«ያ» አልኩ፣ እንደ ኖርዌጂያኖቹ።

«ያ ምንድነው? አዎ በይ!»

ዘመርኩ። ምንም አልተሰማኝም፤ ሌላ ሰው በእኔ አፍ የሚዘምር ይመስል ነበር። አባዬን ሳየው ዓይኑ ክንፉ ላይ ነው። ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዷል። ከዚያ እኔን አየኝ። «እሺ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ይሄኛው እሺ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ

እማዬ ሥራ ናት። አባዬ መኝታ ቤት ነው።

መጽሐፉን መለስኩና ክንፉን ደገፍኩት። ሙጫው ግማሽ በግማሽ ደርቋል። ከፊት ሲታይ ደህና ነው። በክር ስለካው ግን የግራው ጫፍ ወደ ጭራው ቀርቧል፣ የጥፍር ያህል። ክንፉ ዞሯል። ምሰሶዎቹን ነቅሎ እንደገና መጀመር ነው፣ ያ ደግሞ የጨዋ ሰው ሥራ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ቶሎ የሚይዘው ሙጫ፣ ሁለት ጠብታ። ጋሽ ማቴዎስ በክር አይለኩም። እማዬም አትለካም። አባዬ ደግሞ ቢጣመምም ቢቀናም እሺ ነው የሚለው።

ክዳኑን ነቀልኩ። ክንፉን በዚያ በማይሰማው ጣቴ ያዝኩ። አንዱን ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠብታዋ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ልትወድቅ ስትል፣ ከኋላዬ የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ተንቋቋ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ሻካራ፣ የተቆጣ፣ በጣም የተቆጣ፦

«ሶስና!»