ለፍተሻ ስለወጣው ኮምፕሬሰር ለሀጂ ጀማሉዲን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሀጂ ጀማሉዲን፣
በሀርጌሳ የድሬዳዋ ልጆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የማኅበሩ የሽምግልና ጉባኤ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም በማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር የሚገኘው ጋራዥ ባለቤት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ስኳርዎ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ያልበኛል እንጂ። ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ላሳፍር ብዬ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይረዱልኝ። ባለፈው ስብሰባ ላይ የሊቀመንበሩን በጎ ሥራ አባላት በጽሑፍ እንድንመሰክር ተጠይቀናል፤ ለእኔ የዋሉልኝ ውለታ ደግሞ በአንድ ሰው ሆድ ብቻ ተይዞ የሚቀር አይደለም።

ለማያውቁኝ አባላት፣ ሀርቢ እባላለሁ። በጦርነቱ ስደት ጊዜ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ድሬዳዋ የገባሁ፣ እዚያው ተምሬ ያደግሁ፣ ጎልምሼ ወደ አገሬ የተመለስሁ፣ ዛሬ እዚህ ሀርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ቤት ተከራይቼ የምኖር የሂሳብ መምህርና የአራት ልጆች አባት ነኝ። እኔን የማያውቅ ቢኖር እንኳ መኪናዬን የማያውቅ የለም። ያቺ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ፣ በየጉድጓዱ የምትጮኸው ያረጀች ቀይ የስፖርት መኪና የእኔ ናት። ከለንደን ለእረፍት የመጣ ጎረምሳ ተመላልሶባት ሲጠግብ የሸጠልኝ ነች። አራት ልጅ ይዞ ሁለት በር መኪና ገዛ ብላችሁ ስትስቁብኝ ሰምቻለሁ፤ እውነታችሁን ነው። እኔ ግን በሯን ቆጥሬ አልገዛኋትም። የገዛኋት ኤሲዋ በረዶ ስለነበረ ነው።

ኤሲውንም የፈለግሁት ለራሴ አይደለም። እናቴ ዴቃ የምትኖረው በርበራ ነው። አባቴ የተቀበረበትን ከተማ ትቼ አልሄድም ብላ እዚያው ቀርታለች። የበርበራን በጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሱማሌው ሀጋ የሚለው ወቅት ሲገባ ንፋሱ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል፣ አቅም ያለውም ሁሉ ቤቱን ቆልፎ ወደ ሀርጌሳ ይወጣል። እናቴ ልቧ ደካማ ነው። አምና በሚኒባስ ስትመጣ ሙቀቱ መንገድ ላይ ራሷን አሳታት፤ ሐኪሙም ሁለተኛ እንዲህ ከሆነች ለሕይወቷ ዋስ አልሆንም አለኝ። ቀይዋን መኪና ገዝቼ ያሳየኋት ቀን ግን ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፍና «ማሻአላህ፣ ጀነት እንዲህ ነው የሚሆነው» አለች። ከእንግዲህ ከዚች በቀር በማንም መኪና ላልወጣ ብላም ማለች። እናቴ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

ሀጋ ሊገባ ሲል ኤሲው ታመመ። ቁጥሩ አሥራ ስምንት ይላል፣ የሚወጣው እሳት ነው፤ ከክሩስኮቱ ጀርባም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የምታማርጠው ትንሽ መዝጊያ ሙቁ ላይ ተጣብቃ እንደቀረች እኔም ጠርጥሬ ነበር። በከተማው ጋራዥ ሞልቷል። ነገር ግን የመኪና ዕቃ ስም የማውቀው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ፣ በሽታዋን በቋንቋዬ የምናገርበት ቦታ ስፈልግ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። ሰው በልጅነቱ ቋንቋ ሲያናግሩት ልቡንም የመኪናውን ኮፈንም አብሮ ይከፍታል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ዋናው መካኒክዎ ኢንጂነር መውሊድ መኪናዋን ሳይነኩ፣ ድምፁንም ሳይሰሙ፣ ከጋራዡ በር ላይ እንደቆሙ «ጋዝ ነው» በማለት ጊዜዬን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ። ጋዙ ተሞላ። ሙቀቱ እንዳለ ነበር፤ ጋዙ ግን ጥሩ ጋዝ እንደነበረ እመሰክራለሁ።

ሁለተኛ፤ ችግሩ ጋዝ ካልሆነ ኮምፒውተር ነው ተብሎ ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳ ስለተቀየረልኝ አመሰግናለሁ። አዲሱ ሰሌዳ ለአሜሪካ ገበያ ከተሠራ መኪና የተፈታ በመሆኑ ሙቀቱን የሚቆጥረው በእነሱ ልክ፣ በፋራናይት ነው። ባለቤቴ ሳምሳም ገብታ ሰባ ሁለት ዲግሪ የሚለውን ስታይ ጮኻ ወርዳለች፤ እስከ ዛሬም ተመልሳ አልገባችም። ሰሌዳው ያበራል፣ ያምራል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ሦስተኛ፤ ለዚሁ ሰሌዳ ሽቦ ሲፈለግ የመስኮቶቹ ሽቦ ተቆርጦ ሁለቱም መስኮቶች እንደተዘጉ በመቅረታቸው አመሰግናለሁ። የከተማው አቧራ ከእንግዲህ አይነካኝም።

አራተኛ፤ የኤሲው ልብ የሆነው ኮምፕሬሰር ተፈትቶ ለፍተሻ ወደ ሌላ ቦታ እንዲወጣ በመደረጉ አመሰግናለሁ። ጥርጣሬዬ ስለ ትንሿ መዝጊያ እንደነበር ባስታውስም፣ ኢንጂነር መውሊድ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አጽናንተውኛል። በተለይ የማልረሳው የእርስዎን ጥንቃቄ ነው። ዕቃ ከዕቃ እንዳይቀላቀል፣ አማና አማና ነው፣ ስምህን ጻፍበት ብለው እርስዎ ራስዎ አዘዙኝ። እኔም የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ኮምፕሬሰሩ ላይ በፊደላችን «ሀርቢ» ብዬ ጻፍሁ። በዚህ ከተማ ይህን የሚያነብ ከእኛ በቀር የለም፤ አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ ነገ ውጤቱን ትሰማለህ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ ነገ እስካሁን እየመጣ ነው።

አምስተኛ፤ ቅሬታዬን ለማኅበሩ የሽምግልና ጉባኤ ሳቀርብ የጉባኤው ሰብሳቢ እርስዎ መሆንዎን ረስቼው ነበር። እርስዎ ግን በዚህ ሳይቀየሙ፣ ጉዳዩ በቅርብ እንዲታይ ብለው ጉባኤውን በራስዎ ጋራዥ ግቢ አስቀመጡልኝ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሽቦ ሲፈለግ ከመኪናዬ በተፈቱት ወንበሮች ላይ ነበር፤ ምቾታቸውንም አድንቀውልኛል። አንደኛው ሽማግሌ በጎን ያለውን ማንሻ ሲነኩት ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ፍርዱ ሲሰጥ ግን ነቅተው ተስማምተዋል። ፍርዱም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ሀርጌሳን አላህ በአየር ባርኳታልና ኤሲ ምን ያደርግልሃል የሚል ነበር። እኔ ስለ በርበራ፣ ስለ እናቴ ልብ ስናገር፣ በርበራ ከማኅበሩ ክልል ውጭ ናት ተባልሁ። ከዚያ ዱዓ ተደርጎ፣ ግንባርዎን ስሜ፣ ስለ ትዕግሥት ማነሴ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርስዎም ይቅር አሉኝ። ይህ የልብ ስፋት ከየት እንደሚገኝ ይገርመኛል። ክፉ ሰዎች ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ይተርታሉ፤ እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የሚከተለው ግን ቁጥር አይገባውም።

ወንበሮቹ ተመልሰው ከታሰሩ በኋላ፣ ኮምፕሬሰር ባይኖራትም መንዳት ይቻላል ተብዬ መኪናዬን ተረከብሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ በስልክ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ በሯ ላይ ያለው ብረት በእጅ አልነካ እንዳለ ነገረችኝ። ነይ በሌላ መኪና ላስመጣሽ ብል እምቢ አለች። እኔም ባልዲ ሙሉ በረዶ ገዝቼ፣ ፎጣ ነክሬ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣሁ። እናቴን በእርጥብ ፎጣ ሸፍኜ አመጣታለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት። የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ስሌቱን ግን ተስፋ ነበር የሠራው። እስከ ከተማው ዳር ደህና ነበርሁ። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ መስኮቱ አይከፈት፣ ሙቁ አየር አይዘጋ፣ ውጭው ሌላ እሳት፣ ውስጡ ሌላ እሳት። የመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ዳዓር ቡዱቅ ከምትባለው ከተማ ስደርስ ባልዲው ውስጥ ያለው ለሻይ የደረሰ ውሃ ሆኗል፣ ዓይኔም ይጨልምብኝ ጀመር። በሩን ከፍቼ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ። በርበራ ገና ከፊቴ ናት፤ ዋናው ሙቀት ገና አልጀመረም። እኔን ጎልማሳውን እንዲህ ያደረገች መኪና ውስጥ እናቴን እንዴት ብዬ አስገባት?

ደወልሁላት። ሻንጣዋን ዘግታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። አልደርስም፣ መኪናዋ አልሆነችም አልኋት። አልተቆጣችም። «አንተ ብቻ ደህና ግባ» አለችኝ። ሀጂ፣ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። አንድ ሰው እናቱን ከሙቀት ማውጣት ካቃተው ምኑ ልጅ ነው? ወደ ኋላ ዞሬ እስክገባ ድረስ እያለቀስሁ ነዳሁ፤ ላቤና እንባዬ ተደባልቀው ስለወረዱ ያየኝ ሁሉ ያላበኝ ነው የመሰለው።

ክቡርነትዎ፣ ክስ የለኝም። የምከስበት ቦታም የለኝም፤ ጉባኤውን አይቼዋለሁ። ሌላ ጋራዥ ብወስዳት ኮምፕሬሰሯ የት ነው ይሉኛል፤ እርስዎን ስጠይቅ ለፍተሻ ነው ይሉኛል፤ ፈታሹን ስጠይቅ ፈታሹ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሀጋ ሳያልቅና እናቴ ሳትደክም፣ የፍተሻውን ውጤት በአንድ ቃል እንዲያሳውቁኝ፤ ይሠራል፣ ወይም አይሠራም።

እስከዚያው አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጥላዎን ያስፋው፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ኤሲም ለአንድ ቀን እንኳ አይታመምብዎ።

ይቅርታ የተደረገልኝ፣ ትዕግሥትን በመማር ላይ የምገኝ፣ መስኮቱን ዘግቶ የሚኖር ትሑት አባልዎ፣
ሀርቢ
ከኮድቡር፣ ሀርጌሳ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ጽፌ ፈርሜ ሳልለጥፈው፣ ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ነኝ፣ ና ውሰደኝ አለችኝ። በዚያች መኪና ደግሜ ልሞክር ብዬ መንገድ ላይ እንዳልሞትባት ፈርታ፣ መሐላዋን አፍርሳ፣ ዓሣ በሚያመላልሰው በጎረቤቷ በቡራሌ ፒካፕ መጥታለች። ሮጬ ስደርስ ጋቢናው ውስጥ የቡራሌን ጃኬት ደርባ ተቀምጣ ነበር። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። እጇን ስስም ቀዝቅዟል፤ መንገዱን ሁሉ በርዷት፣ ቀንሰው ብላ ለምናው ነበር አሉ። አቅፌያት አለቀስሁ፤ አልሸሽግም።

ቡራሌን ምን ብዬ ላመስግንህ ስለው፣ ሐቀኛ ሰው ነውና ምስጋናው ለእኔ ሳይሆን ለሀጂ ጀማሉዲን ይገባል አለኝ። የእሱ ኤሲ ሞቶ ኖሮ፣ እርስዎ ጋራዥ ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና ከገዛ አንድ እብድ የተገኘ ኮምፕሬሰር ተገጥሞለት ነው የዳነው። ትክክለኛ የጃፓን ዕቃ መሆኑን ላሳይህ ብሎም ኮፈኑን ከፈተ። በኮምፕሬሰሩ ላይ ጃፓኖቹ ፋብሪካ ውስጥ በቀይ ቀለም የጻፉት ጽሑፍ እንዳለ እርስዎ ነግረውት ስለነበር፣ ጽሑፉን በኩራት አሳየኝ። አነበብሁት። ጃፓንኛ እንደማልችል ነገርሁት። እናቴን ያመጣልኝን ሰው ኮፈኑ እንደተከፈተ ምን ልለው እችላለሁ?

ስለዚህ ከላይ የለመንሁዎትን ይተዉት፤ ውጤቱን እኔው ላሳውቅዎ። ኮምፕሬሰሩ ከበርበራ እስከ ሀርጌሳ ተፈትሾ፣ በሀጋ ሙቀት፣ ዓሣ ተጭኖበት፣ በሚገባ እንደሚሠራ ተረጋግጧል።

እናቴ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ ለእርስዎ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔም ከኋላዋ ተቀምጬ አሚን እላለሁ። ዛሬ ከሰዓት ደጅ የቆመችውን ቀይ መኪና አይታ አዘነችልኝ። የዓሣ መኪና እንዲህ እየቀዘቀዘ ያንተዋ ለምን ትሞቃለች፣ የወሰድካት ጋራዥ ጥሩ አይደለም ማለት ነው፣ ቡራሌ ወደሚያመሰግናቸው ወደ ሀጂ ጀማሉዲን ውሰዳት ብላ አዘዘችኝ። የእናት ቃል አይጣልም፤ ጠዋት ይጠብቁኝ።